የአውስትራሊያው ፒንክ ፍሎይድ ምን በደለ? (የምላሽ ጽሑፍ)

ስለ ትሪቢዩት ባንዶች የተጻፈ አንድ ረዥም ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ትሪቢዩት ባንድ ማለት የአንድን ዝነኛ ባንድ ሥራ ብቻ ይዞ፣ በዚያው ባንድ ድምፅና አጨዋወት መድረክ ላይ የሚቀርብ ቡድን ነው። ጸሐፊው ዱላቸውን ያሳረፉት በተለይ በአንዱ ላይ ነው፤ በ1988 አደሌድ ከተማ ውስጥ ተመሥርቶ፣ የብሪታንያውን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን ሥራዎች እየተጫወተ ከአውስትራሊያ አልፎ የአውሮፓና የአሜሪካ ትላልቅ አዳራሾችን ለመሙላት በበቃው «ዚ ኦስትሬሊያን ፒንክ ፍሎይድ ሾው» ላይ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።)

ክሳቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ዜማ የላቸውም፤ የሚሠሩት የካሴት ማባዣ ሥራ ነው። ስኬታቸውም በሰው ስም የተገኘ ነው። ከሚሰበስቡት ገንዘብ ለዘፈኖቹ ደራሲዎች ቤሳቤስቲን አይደርሳቸውም። ተመልካች ይታለላል፤ ወጣት ባንዶች መድረክ ያጣሉ። ስለዚህ የዋናውን ባንድ የጽሑፍ ፈቃድ ያልያዘ ሁሉ መድረክ እንዳይረግጥ ሕግ ይውጣ። የጸሐፊው ብዕር ሹል ነው፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይም እውነት አላቸው። የቀረው ግን ውኃ አይቋጥርም።

ከካሴት ማባዣው ልጀምር፤ የሌሎቹ ክሶች ሁሉ መሠረት እሱ ነውና።

መፍጠር ከባድ ስለመሆኑ ማንም አይከራከራቸውም። «መቅዳት ቀላል ነው» ማለታቸው ግን ጊታር ይዞ ሞክሮ የማያውቅ ሰው አነጋገር ነው። የክላሲካል ኦርኬስትራ ፊቱ ላይ የተዘረጋ ኖታ አለው። የሮክ ባንድ በአብዛኛው ያለው ቀረጻው ብቻ ነው፤ ቀረጻ ደግሞ የወጣውን ድምፅ ያሰማል እንጂ ድምፁ እንዴት እንደወጣ አይናገርም። የፒንክ ፍሎይዱን ጊታሪስት የዴቪድ ጊልሞርን የ1970ዎቹ የጊታር ድምፅ ለማግኘት የሚደክም ሰው ጣቶቹን አሠልጥኖ ሲጨርስ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ሃይዋት አምፕሊፋየር፣ ቢግ መፍ የተባለው የእግር ፔዳል፣ ድምፁን በሚሽከረከር ማግኔታዊ ዲስክ ላይ እየቀዳ መልሶ የሚያስተጋባው ቢንሰን ኢኮሬክ የተባለ የጣሊያን መሣሪያ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ አንዷን ኖታ ምን ያህል ስቦ፣ ምን ያህል አቆይቶ፣ መቼ እንደሚለቃት የሚነግረው የለም። ለዓመታት ጆሮውን ቀረጻው ላይ ደቅኖ ራሱ ማግኘት አለበት።

«መኒ» የተባለውን ዘፈን እንኳ ብንወስድ፣ መግቢያው ላይ የምንሰማው የሳንቲምና የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ የተሠራው ቴፕ በማስመሪያ እየተለካ ተቆርጦና ተቀጣጥሎ ነው። ዘፈኑ በሰባት ምት ይሄዳል። የዲክ ፓሪ ሳክስፎን በዚያው በሰባት ይጫወትና የጊታር ሶሎው ሲገባ ምቱ ወደ አራት ይዞራል፤ በኋላ ተመልሶ ወደ ሰባት። ይህን መሻገሪያ ድራመሩ በግማሽ ምት ከሳተው፣ ስለ ሙዚቃ ምንም የማያውቅ ተመልካች ሳይቀር ወንበሩ ላይ ሆኖ ይደናቀፋል። ፒንክ ፍሎይድን ሊሰማ የመጣ ሰው ደግሞ የዋዛ ሰው አይደለም፤ አልበሙን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያጠና ነው። ከዚህ ከባድ ፈታኝ አላውቅም።

ከሁሉ ይበልጥ ለጸሐፊው ላነሣባቸው የምፈልገው ግን «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ»ን ነው። በ1973 በወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም ውስጥ ያለ፣ የሚዘፈን ግጥም የሌለው ሥራ ነው። ክሌር ቶሪ የምትባል ድምፃዊት ለንደን ወደሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ተጠርታ በባንዱ ኪቦርዲስት በሪቻርድ ራይት ፒያኖ ላይ ያለ ቃል እንድትዘፍን ተነገራት። ዜማ አልተሰጣትም። ከራሷ አውጥታ በጥቂት ሙከራ ጮኸችው፣ አለቀሰችው፣ መጨረሻ ላይ አንሾካሾከችው፤ 30 ፓውንድ ተከፍሏት ሄደች። ያ ድምፅ ዛሬ በዓለም ላይ ከታወቁት የሮክ ድምፆች አንዱ ነው።

ፒንክ ፍሎይድ ይህን ዘፈን መድረክ ላይ ሲጫወቱት ማን ዘፈነው? ቶሪ የተገኘችባቸው ጥቂት መድረኮች አሉ። በቀሩት ሌሎች ሴቶች ናቸው የዘፈኑት። በ1994 ጉዟቸው ሳም ብራውን፣ ደርጋ ማክብሩምና ክሎዲያ ፎንቴይን ለሦስት ተካፍለው ተወጡት። አንዲት ሴት በደቂቃዎች ውስጥ ከራሷ ያወጣችውን ሦስት ድምፃውያን ተካፍለው፣ ትንፋሿን ሳይቀር ተከትለው ነው የሠሩት። እንግዲህ በጸሐፊው ሚዛን እነዚህ ሦስቱ በፒንክ ፍሎይድ በራሱ መድረክ ላይ የቆሙ የካሴት ማባዣዎች ነበሩ ማለት ነው? እነሱ አርቲስቶች ከተባሉ፣ ይህንኑ ዘፈን ይዛ በአውስትራሊያኑ መድረክ ላይ የምትቆመዋ ድምፃዊት በምን ሒሳብ ሌባ ትሆናለች?

«አንዳች የራሳቸው ነገር የለም» ለተባለውም፣ ፒንክ ፍሎይድ በመድረካቸው ላይ በአየር የተነፋ ግዙፍ አሳማ ያንሳፍፋሉ። አውስትራሊያኑ ግን ሮዝ ካንጋሮ ይነፋሉ። ፊቱን አጨፍግጎ የሚያመልክ ሰው እንዲህ አይቀልድም።

ወደ ሁለተኛው ክስ፤ ስኬቱ በሰው ስም የተገኘ ነው ወደሚለው። ስሙ በር እንደሚከፍት ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የፒንክ ፍሎይድን ስም ተጠግተው የተነሡ ባንዶች በየአገሩ ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ ከሰፈራቸው መጠጥ ቤት አላለፉም። በስም ብቻ የሚገኝ ስኬት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ባገኙት ነበር። ጸሐፊው «እውነተኛ አርቲስቶች ይንቋቸዋል» ሲሉም አንድ ነገር ዘለዋል፤ ጊልሞር በ1994 ሄዶ ካያቸው በኋላ በ1996 የ50ኛ ዓመት ልደቱ ግብዣ ላይ እንዲጫወቱ የጠራቸው እነዚሁኑ አውስትራሊያውያን ነው። የሚንቁትን ሰው ለልደት አይጠሩም።

ከስሙ ይልቅ ስኬቱን የሚያስረዳው የጊዜው ሁኔታ ነው። ፒንክ ፍሎይድ የመጨረሻውን የጉዞ ኮንሰርታቸውን ያደረጉት በጥቅምት 1994 ለንደን ኧርልስ ኮርት ውስጥ ነው። አራቱ፣ ማለትም ጊልሞር፣ ራይት፣ ቤዝ ጊታሪስቱ ሮጀር ዎተርስና ድራመሩ ኒክ ሜሰን፣ አብረው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ሐምሌ 2 ቀን 2005 ሃይድ ፓርክ በተደረገው የላይቭ ኤይት ኮንሰርት ላይ፣ ለጥቂት ዘፈን ብቻ ነው። ራይት በ2008 አረፈ። በዚህ መሃል አልበሞቹ መሸጣቸውን አላቆሙም፤ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ከ1973 እስከ 1988 በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት የቆየ ነው። ዘፈኑን የሚወድ ሕዝብ እየበዛ ሄደ፤ መድረክ ላይ የሚያቀርብለት ግን ጠፋ። ያንን ክፍተት አንድ ሰው መሙላቱ ምኑ ነው ወንጀሉ?

የቢትልስ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ቢትልስ ለትኬት የሚያቀርቡትን ኮንሰርት ነሐሴ 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አበቁ። «ሳርጀንት ፔፐርስ» የወጣው በ1967 ነው። ይህ ማለት የዚያን አልበም ዘፈኖች ቢትልስ ራሳቸው ኮንሰርት ላይ ተጫውተዋቸው አያውቁም ማለት ነው። በ1980 የተመሠረተው ትሪቢዩት ባንድ ቡትሌግ ቢትልስ እነዚያን ዘፈኖች ከትንፋሽና ከክር መሣሪያዎች ጋር መድረክ ላይ ሲያወጣቸው የሚቀዳው የመድረክ ናሙና እንኳ አልነበረውም። ስቱዲዮ ውስጥ በቴፕ ላይ ቴፕ ተደራርቦ የተሠራን ነገር በሰው እጅ ብቻ እንዴት ማሰማት እንደሚቻል ራሱ መፍታት ነበረበት። ጸሐፊው ይህን ምን ሊሉት ይሆን?

ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ጸሐፊው «ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላ እንብላ ነው» የሚለውን ተረት መዘዋል። ተረቱ ደስ ይላል፤ ሒሳቡ ግን ትክክል አይደለም። አንድ ዘፈን በሕዝብ ፊት በተጫወተ ቁጥር ለደራሲው የሚከፈል ገንዘብ አለ። ይህን የሚሰበስቡ ማኅበራት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የአሜሪካው አስካፕም የብሪታንያው ፒአርኤስም በ1914 የተቋቋሙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው አዳራሹ ወይም የኮንሰርቱ አዘጋጅ ነው፤ ገንዘቡም ዞሮ ዞሮ በዘፈኑ ላይ በደራሲነት ወደተመዘገበው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ አውስትራሊያኑ «መኒ»ን በተጫወቱ ቁጥር ደራሲው ሮጀር ዎተርስ እቤቱ ተቀምጦ ድርሻው ይደርሰዋል። ዎተርስ ከአውስትራሊያኑ ጋር አንድም ቃል ሳይለዋወጥ የእነሱ ትጋት ያበላዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያነሡት ሲገባ ያላነሡት እውነተኛ ጉድለት አለ። ክፍያው ለደራሲ ነው እንጂ ቀረጻው ላይ ለተጫወተና ለዘፈነ ሰው አይደለም። ክሌር ቶሪ በደራሲነት ስላልተመዘገበች ያ ድምፅ መድረክ ላይ በተሰማ ቁጥር የሚደርሳት አልነበረም። በ2004 ክስ መሠረተች፤ በ2005 ከፍርድ ቤት ውጭ ስምምነት ተደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ በራይትና በቶሪ ስም ነው የሚመዘገበው። ልብ በሉ፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል ስሟን ያስቀረው ትሪቢዩት ባንድ አይደለም፤ ዋናው ባንድ ነው። ስለ ሰው ላብ ከተነሣ ጣት የሚቀሰርበትን አቅጣጫ መጀመሪያ ማየት ይበጃል።

«የዋናውን ዋጋ ያራክሳሉ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገርም ጣል አድርገዋል። በ2024 ሶኒ የፒንክ ፍሎይድን ቀረጻዎችና የስማቸውን መብት ሲገዛ የተዘገበው ዋጋ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ትሪቢዩት ባንዶች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲጫወቱት የኖረ ሥራ ነው እንግዲህ ይህን ያወጣው። የረከሰ ነገር እንዲህ ከተሸጠ ሁላችንም እንርከስ።

ተመልካች ይታለላል ስለተባለው ብዙ አልቆይም። ባንዱ ስሙ ላይ «የአውስትራሊያው» ብሎ ጽፏል፤ ትኬት የሚገዛውም ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ቢሆንም እውነት ያላቸው እዚህ ጋ ነው፤ የዋናውን ባንድ ስም ከሩቅ በሚነበብ ፊደል፣ «ትሪቢዩት» የሚለውን ደግሞ ጉንዳን በሚያህል ፊደል የሚያትሙ አዘጋጆች አሉ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ዊግና የተለጠፈ ጺም አድርገው የሞተን ሰው ፊት ለመምሰል የሚጥሩትንም እኔ በግሌ አልወድም፤ ዓይን ሲሠራ ጆሮ ይሰንፋል። ጸሐፊው የመረጡት ባንድ ግን በዚህ አይታማም። አውስትራሊያኑ ማንንም መስለው አይለብሱም። ፒንክ ፍሎይድም ቢሆኑ ከመብራቱና ከክቡ ስክሪን በታች ተደብቀው ሲጫወቱ የኖሩ፣ ፊታቸው ከስማቸው ያነሰ የታወቀ ሰዎች ነበሩ።

ወጣት ባንዶች መድረክ ያጣሉ የሚለው ክስ በርካታ አንባቢ ራሱን የነቀነቀበት ይመስለኛል፤ ስለሚያሳዝን። ወጣት ባንድ መድረክ ማጣቱ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሚዩዚክ ቬኑ ትረስት የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ስለ 2023 ባወጣው ሪፖርት በዚያ ዓመት 125 ትናንሽ የሙዚቃ ቤቶች የቀጥታ ሙዚቃ ማቅረብ አቁመዋል፤ በሥራ ላይ የቀሩት አማካይ ትርፍ 0.5 በመቶ ብቻ ነበር። ቤቶቹን ያነቃቸው ኪራይና የኃይል ወጪ ነው። እንዲህ ባለ ትርፍ ለሚንገዳገድ ቤት፣ ቅዳሜ ማታ አዳራሹን የሚሞላለት ትሪቢዩት ባንድ ማክሰኞ ማታ ማንም የማያውቀውን ወጣት ባንድ እንዲያስተናግድ አቅም ሊሰጠው ይችላል። አውስትራሊያኑ የሚጫወቱባቸው ሺዎች የሚይዙ አዳራሾች ደግሞ መጀመሪያውኑ ለጀማሪ ባንድ የሚከፈቱ አልነበሩም።

ደግሞስ ወጣት ሙዚቀኛ የት ነው የሚማረው? ቢትልስ በ1963 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈኖች አሉት፤ ስድስቱ የሌላ ሰው ናቸው። ሃምቡርግ ውስጥ በየምሽቱ ለሰዓታት የሰው ዘፈን ሲጫወቱ ነው እጃቸው የተፈታው። በእኛ ዘመንም ቲም ኦውንስ የጁዳስ ፕሪስትን ዘፈኖች በሚጫወት ባንድ ውስጥ ሲዘፍን ቆይቶ በ1996 ጁዳስ ፕሪስት ራሱ ድምፃዊው አድርጎ ወሰደው። ኒታ ስትራውስ የአይረን ሜይደንን ሥራ በሚጫወተው የሴቶች ባንድ ውስጥ ጊታር ስትጫወት ነበር፤ በ2014 የአሊስ ኩፐር ጊታሪስት ሆነች።

የዳርክ ስታር ኦርኬስትራ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። በ1997 ቺካጎ ውስጥ የተነሣ፣ የግሬትፉል ዴድን ሥራ የሚጫወት ባንድ ነው። ብዙውን ጊዜ ዋናው ባንድ በአንድ የተወሰነ ቀን ያደረገውን ኮንሰርት ይመርጥና የዚያን ምሽት ዘፈኖች በቅደም ተከተላቸው ይጫወታል። ዘፈኖቹ ውስጥ ያለውን ረዥም ጉዞ ግን ከዚያው ከመድረኩ ላይ ነው የሚያፈልቀው፤ ግሬትፉል ዴድ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ የተጫወተ ባንድ አልነበረምና፣ እነሱን መምሰል ማለት በየምሽቱ አዲስ መፍጠር ማለት ነው። የዚህ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ጆን ካድለሲክን፣ ከዋናው ባንድ የቀሩት ፊል ሌሽና ቦብ ዊር በ2009 ፈርተር የተባለውን ባንድ ሲያቋቁሙ ወሰዱት። ጸሐፊው በዋናና በቅጂ መካከል ያሰመሩት መስመር የት ላይ እንዳለ እዚህ ጋ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

የቀረው የሕጉ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ሜዳው ሕግ የሌለበት አስመስለው ጽፈዋል። አለ። ስምና አርማ በንግድ ምልክት ሕግ ይጠበቃሉ፤ የቦን ጆቪ ጠበቆች በ2009 ብሎንድ ጆቪ የተባለውን የሴቶች ትሪቢዩት ባንድ በስሙ ምክንያት በደብዳቤ አስጠንቅቀዋል። ዘፈን ብቻ ሳይሆን ሙሉ የመድረክ ትርኢት የሚወስድ ሰውም የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የጄነሲስን የ1970ዎቹ ትርኢቶች መልሶ የሚሠራው የሞንትሪያሉ ዘ ሚዩዚካል ቦክስ ከጄነሲስና ከባንዱ የቀድሞ ድምፃዊ ከፒተር ጋብርኤል ፈቃድ አግኝቶ፣ ዋናው ባንድ የተጠቀመባቸውን የመድረክ ምስሎች ሳይቀር ተቀብሎ ነው የሠራው። ደግሞ ሕጉ ጥርሱን ሲያሳይ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚያፍሩበት ጊዜ አለ። በ2016 ሳንድማን ለተባለ የካናዳ የሜታሊካ ትሪቢዩት ባንድ 41 ገጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ነገሩ ሲሰማ ሜታሊካ ደብዳቤው ያለ እኛ ዕውቀት የወጣ ነው፣ ጣሉት አሉ።

አሁን የጸሐፊውን ሕግ ወስደን በፒንክ ፍሎይድ ላይ እንሞክረው። ፈቃዱን የሚፈርመው ማን ነው? ዎተርስ በ1985 ባንዱን ለቆ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሌሎቹ በስሙ እንዳይጠቀሙ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1987 መጨረሻ ተስማሙ። በዚያው ዓመት ግን ፒንክ ፍሎይድ ያለ እሱ፣ የቤዝ ጊታሩን ለጋይ ፕራት ሰጥቶ ዓለምን መዞር ጀምሮ ነበር። የጊልሞርና የዎተርስ ኩርፊያ እስከ ዛሬ የአደባባይ ምሥጢር ነው። አንዱ ቢፈርም ሌላው ሊያነሣው ይችላል፤ ሁለቱም ካልፈረሙ ዘፈኑ ይታፈናል። የባንዱ የመጀመሪያ ድምፃዊ የነበረው ሲድ ባሬትና ራይት ደግሞ በሕይወት የሉም።

ድራመሩ ኒክ ሜሰን በ2018፣ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት፣ «ሶሰርፉል ኦፍ ሲክሬትስ» የሚባል ባንድ አቋቁሞ የፒንክ ፍሎይድን የመጀመሪያ ዓመታት ዘፈኖች መጫወት ጀመረ። ባሬት ይዘፍናቸው ከነበሩት አንዳንዶቹን የሚዘፍንለት ስፓንዳው ባሌ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ጋሪ ኬምፕ ነው። ሰዉ ትኬት ገዝቶ ይሄዳል፤ ይደሰታል። ጸሐፊው የጠየቁት ሕግ ቢወጣ ኖሮ ሜሰንም የገዛ ባንዱን ዘፈን ለመጫወት ማመልከቻ ይዞ፣ ከአውስትራሊያኑ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር።